የዕቃ ቤቱ ሰም

ባለፈው ግንቦት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ገና በማለዳው ግድግዳ በሚያግልበት ሰሞን፣ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር የጎረቤቴን ሁለት ሴት ልጆች በሆዳቸው ተኝተው አገኘኋቸው። አፍንጫቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ምንም አልጠፋንም፣ እማማ። ጉንዳን እያየን ነው።»

«ጉንዳን ምኑ ይታያል? ማን ነው ያዘዛችሁ?»

«ቲቸር ናት። አይታችሁ ጻፉ ብላናለች።»

«ጽፋችሁስ ምን ታደርገዋለች?»

ትልቋ ቀና ብላ አየችኝ። «እኚህ ሴትዮ ምን ሆነዋል» የሚል አስተያየት ነበር። «ምንም አታደርገውም። እንድናውቅ ነው» አለችኝና ተመልሳ ተኛች።

ወደ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁና በክፍተቱ ጠበቅኋቸው። ከዛፉ ሥር የሚቀብሩት ነገር ይኖር ይሆን? ስንት ግቢ እያለ ለምን የኔን መረጡ? ሩብ ሰዓት ያህል ከቆምኩ በኋላ ነው በራሴ ያፈርኩት። ዕድሜዬ ከሰባ አልፏል። ዳዊቴን በየዕለቱ እደግማለሁ። ታዲያ ሁለት ሕፃናት ጉንዳን ስላዩ በር ገርበብ አድርጌ እሰልላለሁ። ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ አውቀዋለሁ። ታች ጋይንት ሳለሁ፣ በአሥራ አራት ዓመቴ የያዘኝ ነው።

የተወለድኩበት ደብር ከአርብ ገበያ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ መንገድ አይባልም፤ ጥቁሩ ጭቃ እግር ይዞ አይለቅም። ጥቅምት ሲገባ ግን ይጠነክራል፤ የባቄላው ሽታ ያውዳል፤ ገብሱ ነጣ ነጣ ማለት ይጀምራል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለነገው ገበያ እህል የጫኑ አህዮች በደጃችን ያልፋሉ። አባቴ የደብራችን የመድኃኔ ዓለም ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ሁሉ ይጠብቃል፤ ከመጻሕፍቱና ከልብሰ ተክህኖው ጀምሮ ጧፍ እስከሚሠራበት ሰም ድረስ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም ነበር። ከዕቃ ቤቱ ክፈፍ ሥር የተሰቀሉት አራት የንብ ቀፎዎችም የሳቸው ኃላፊነት ነበሩ።

ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ ሴት ልጅ ዳዊት ከደገመች ይበቃታል ከሚሉት ወገን ነበሩ፤ ሆኖም የወረዳው ሹም «ልጆቻችሁን ላኩ» ብሎ በጉባኤ ሲናገር ካህን ሆኖ እምቢ ማለት ስለከበዳቸው ላኩኝ። አራተኛ ክፍል ስደርስ፣ በመስከረም፣ አዲስ አስተማሪ ከደብረ ታቦር በበቅሎ መጣች። እትዬ ዘነበች ትባላለች። ያኔ አንቱ ነበር የምንላት፤ ዛሬ ሳስባት ግን ገና ሃያ ዓመት የሞላት ልጅ ናትና «አለች» እያልኩ ብጽፍ አትቀየመኝም። ጸጉሯን በአጭሩ ተቆርጣለች። ባል የላትም። ጫማ ታደርጋለች። አንገት ድረስ የሚቆለፍ ሹራብ ስለምትለብስ ማተብ ይኑራት አይኑራት አይታይም፤ አገሩም በዚህ ነገር ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር።

«ይህች ልጅ የምታስተምራችሁን በየቀኑ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ አባቴ። «ሌላ ሃይማኖት ይዛብን መጥታ እንዳይሆን።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ «ማተብ አላት፣ አባባ። ጥቁር ነው» አልኳቸው።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«ጎንበስ ስትል አየሁት።»

«ጎንበስ ያለችው ልትሰግድ ነው?»

«አይ። ጢንዚዛ ልታይ ነው።»



እውነትም ጢንዚዛ ነበር። እትዬ ዘነበች ከሰዓት በኋላ ላለው ትምህርት መጽሐፍ አስቀምጣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ታወጣናለች። አለንጋ አትይዝም፤ የምትይዘው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ ነገር የምታጎላ መስታወት ብቻ ነው። «ተቀመጡ። አትንኩ፣ አትግደሉ። ያያችሁትን ትነግሩኛላችሁ፤ የሰማችሁትን ግን አልፈልግም» ትላለች። እኛም እበት የሚያንከባልለውን ጢንዚዛ፣ የገብስ ገለባ ተሸክሞ የሚሰለፈውን ጉንዳን፣ የፌንጣውን ጉልበት ስናይ እንውላለን። ከሁላችን ታናሽ የነበረችው አንጓች፣ የጭቃ ሹሙ የአያ ሞላ ልጅ፣ ከመሬት ተነሺ ቢሏት አትነሳም።

«እትዬ፣ ጢንዚዛዋ የኋሊት ነው የምትሄድ! በእጇ መሬት ይዛ በእግሯ ትገፋለች!»

«ስንት እግር አላት?»

«አምስት። ስድስት ነበረ፣ አንዱን ዶሮ በልቶባታል።»

«ዶሮው ሲበላ አይተሻል?»

አንጓች አሰበች። «አላየሁም። እንግዲያ አምስት ነው።»

በሜዳው ዳር የሚያልፉ ገበሬዎች ቆም ይሉና ይሳለቁ ነበር። «የመንግሥት ትምህርት ይህ ነው? እበት ለማየትማ የኛ በረት ምን አነሰው!» ይላሉ። ከርቀት ስቀው ያልፋሉ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን አይስቁም። «ጠርሙስ ትሰበስባለች» ተባለ። «ትሉንም ዝንቡንም እያስያዘች ወደ ቤቷ ታስገባለች» ተባለ። እኔም ነፍሳት እንዳይ ወደ ሜዳ ስወጣ ዓይኔ ከእሷ አይነሳም ነበር። ረቡዕና ዓርብ ምን ሰዓት እንደምትበላ አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፍ ስንት ጊዜ እንዳማተበች እቆጥራለሁ። ደግ ነገር ባደረገችልኝ ቁጥር ከጀርባው ምን እንዳለ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን እጄን በሙጃ ስቆረጥ በመሐረቧ አሰረችልኝ፤ መሐረቡን ቤት ወስጄ ከመመለሴ በፊት ጸበል ረጨሁበት።

በጥቅምት መጨረሻ፣ «እያንዳንዳችሁ አንድ የነፍሳት ቤት አምጡ» አለችን። አንዱ የሸረሪት ድር በእንጨት ጠቅልሎ፣ ሌላዋ ነፍሳት ያደረበት የቅጠል እብጠት ይዛ መጡ። እኔ ከሁሉ የሚበልጥ ማምጣት ፈለግሁ። በመድኃኔ ዓለም በዓል ማግሥት፣ አባቴ ለቅዳሴ ቀድመው ሲገቡ በዕቃ ቤቱ በኩል ዞርኩ። ከአንደኛው ቀፎ ሥር መዳፍ የምታህል የሰም ቁራጭ ወድቃ ነበር፤ ማር የለባትም፣ ጠቆር ብላለች። በኛ አገር ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የወደቀች ጭራሮ እንኳ አትነሳም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት።

እትዬ ዘነበች አገላብጣ አየቻት። «ከየት አመጣሻት፣ ትርንጎ?»

«ከዕቃ ቤቱ ቀፎ ሥር ወድቃ።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ» አልኩ።

ዓይኔን አየችኝና ሌላ አልጠየቀችም። ጠርሙስ ውስጥ ከተተቻት፤ አፉን በቀጭን ጨርቅ አሰረችው። ከአሥር ቀን በኋላ ሰሟ ላይ ክር የመሳሰሉ ነጫጭ ትሎች ታዩ፤ በሄዱበት ሁሉ ድር እየጎተቱ ሰሙን ይቦረቡሩት ጀመር። ልጆቹ በየቀኑ ያዩትን በደብተር ይጽፋሉ። አንጓች ገና ፊደል ቆጣሪ ስለሆነች ትሎቹን በሥዕል ትሥላቸዋለች፤ ሁሉንም ፈገግ አድርጋ።

የኅዳር ሚካኤል ባለፈ ማግሥት፣ ጾሙ ሳይገባ፣ አባቴ ከሁለት ሰዎች ጋር የዕቃ ቤቱን ቀፎዎች ማር ለመቁረጥ ወጡ። ሁለቱ ቀፎ ባዶ ነበር። ንቡ የለም፤ ማሩ የለም፤ ሰሙ በድር ተተብትቦ በነጭ ትል ይርመሰመሳል። ለልደት የሚሆነው ጧፍ ከዚያ ሰም ነበር የሚሠራ። አባቴ ባዶውን ቀፎ በእጃቸው እንደያዙ፣ «ይህ የሰው እጅ ነው» አሉ። አብረዋቸው የነበሩትም፣ «ንብ ያለ ነገር አይኮበልልም» አሉ። በሦስተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ አያ ሞላ አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ በኛ ዘንድ እንዲህ ነው፦ ጥፋተኛው ያልታወቀ ነገር ሲደርስ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ስም እስኪገኝ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። የሚያውቅ ሰው ለአንዳቸው በጆሮ ይነግራል፤ ሽማግሌውም የነጋሪውን ስም ሳይጠራ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያቀርበዋል። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። ጊዜው ደግሞ አጨዳ ነበር። ገብሱ ደርቆ ይጠብቃል፣ ሰዉ ከትልቁ ወይራ ሥር ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ማንም ይሁን ብቻ አንድ ስም ተገኝቶ ማጭዱን ለማንሳት ቸኩሏል።

በሁለተኛው ቀን ለአባቴ ዳቦና ጠላ ይዤ ሄድኩ። ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ሰው «ጠርሙስ» ማለት ጀምሯል፤ እትዬ ዘነበች መጠራቷ አይቀርም፤ ከተጠራች ደግሞ ሰሙን ማን እንዳመጣው ትናገራለች። እኔ ብሆን እናገር ነበርና እሷም እንደምትናገር አልተጠራጠርኩም። የቄሰ ገበዙ ልጅ የቤተ ክርስቲያን ሰም ሰረቀች ከሚባል በፊት የሌላ ስም ቀድሞ ቢነሳስ? ለአያ ሞላ ጠላ ስቀዳ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

«አያ ሞላ፣ እትዬ ዘነበች በጠርሙስ ያንኑ ትል ይዛለች።»

ዋንጫው ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ያንኑ?»

«ነጩን። ድር የሚሠራውን።»

«አንጓችም ትል ትል ስትል ነበር፤ የልጅ ወሬ ብዬ ነው የተውኩት። አባትሽ ሰምተዋል?»

«አልሰሙም።»

«እንግዲያው አንቺም አልነገርሽኝ። ወፍ ናት» አሉና ጠላውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት።

በማግሥቱ እትዬ ዘነበች ተጠራች። ሴቶችና ልጆች በሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጋር ቆመናል። ጠርሙሱን ከሽማግሌዎቹ ፊት አቆሙት፤ አጠገቡ ከቀፎው የወጣውን ሰም አኖሩ። ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ተያዩ። ያው ትል ነበር።

«ይህን ማን ፈለፈለው?» አሉ አያ ሞላ።

«ራሱ ነው የተፈለፈለው። እኛ እናየው ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። «ታዩት ነበር!» አለ ከኋላ አንዱ። «ጎተራችን ሲቃጠልም እንዲሁ ቆመሽ ልታይልን ነው?»

«ሰሙስ? ሰሙን ማን አመጣልሽ?» አሉ አያ ሞላ።



«ተማሪ ነው» አለች። «ስሙን አልናገርም። ልጅ ነው። ጠርሙሱ የኔ ነው፤ እኔን ጠይቁኝ።»

«ልጅ የምትይው የለም! ትሉን ከዚህ ጠርሙስ አውጥተሽ ቀፎው ውስጥ ጨምረሻል!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አልጨመርኩም።»

እንደዚያ ሆናም አላመንኳት። ሲብስባት ትናገራለች፣ ለመጨረሻው ነው ያቆየችኝ፣ አልኩ በልቤ። ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ ይህች ሴት ከነገ ወዲያ ከአጥቢያው ትውጣ፣ ልጆችም ከትምህርት ቤት ይቅሩ ወደሚለው አዘነበሉ። ከመካከላቸው አንዱ ግን፣ «ከመፍረዳችን በፊት ግዝት ይሁን፤ የሚያውቅ ካለ ይናገር» አለ። የሚገዝት ካህን ነው፤ ከነበሩት ካህናት ደግሞ ነገሩ በቀጥታ የሚመለከታቸው አባቴ ነበሩ። መስቀላቸውን አውጥተው ቆሙ።

«ይህ ሰም ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው እያወቀ የሸሸገ…» ብለው ጀመሩ።

ግዝት ምን እንደሆነ የካህን ልጅ ታውቃለች። ቃሉ ካለቀ በኋላ የተገዘተው ሰው ከቁርባን የተለየ፣ ከበረከት የተለየ ነው። አባቴ የሚገዝቱት እኔን መሆኑን አያውቁም። እግሬ ከካቡ ማዶ እንዴት እንዳረፈ አላስታውስም።

«ስለ መድኃኔ ዓለም፣ አባባ፣ አይገዝቱ! እኔ ነኝ!»

መስቀሉ አየር ላይ ቀረ። «አንቺ ምን?»

ነገርኳቸው። የመድኃኔ ዓለም ማግሥት፣ ከቀፎው ሥር፣ በነጠላዬ ጫፍ። ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሲያሰሉ፣ ካቡ ላይ ወጥታ የነበረችው አንጓች ጮኸች፦ «ትሉን ያየነው ከሚካኤል በፊት ነው! እኔ ሥዬዋለሁ!»

አባቷ «ውረጂ አንቺ!» ቢሏትም ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ቀፎው ከመከፈቱ በፊት ትሉ ጠርሙስ ውስጥ ታይቷል፤ ሰሟም የወደቀችው ከቀፎው ነው። ስለዚህ ትሉ ከዕቃ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ እንጂ ከትምህርት ቤቱ ወደ ዕቃ ቤቱ አልመጣም። ሰዉ አጉረመረመ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «ቄሰ ገበዝ፣ እንግዲያው ቀፎው ከጥቅምት ጀምሮ ታሞ ኖሯል። ጠባቂው ማን ነበር?» አሉ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚመጣ አላሰብኩም ነበር። አባቴ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ፤ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ከጠርሙሱ አጠገብ አኖሩት። ሰዉ ማጭዱን እያነሳ ተበተነ። ሴቶቹ ግንባሬን እየሳሙ «የካህን ልጅ! እውነቷን ተናገረች» አሉኝ። አያ ሞላ ብቻ ምንም አላሉኝም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ሰላምታዬን ተቀብለው ወዲያው ሽቅብ ሰማዩን ያያሉ፤ የሚበር ነገር የሚፈልጉ መስለው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። የምንሻገራት ወንዝ ላይ ስንደርስ ቆሙ። «ልጄን ልገዝት ነበር» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለውኃው አልለየሁም። ስለ ቁልፉ እስከሞቱ ድረስ አላነሱብኝም። እትዬ ዘነበች የምታስተምረውን እንድነግራቸውም ዳግመኛ አልጠየቁኝም። እኔ ግን ማየቴን አልተውኩም።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ጠርሙሱ ቦታው ላይ ነበር። «ትርንጎ፣ ነይ እይ፤ ትሎቹ ተጠቅልለዋል» አለችኝ እትዬ ዘነበች፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሁላችንም ያማረ ቢራቢሮ ስንጠብቅ፣ ከድሩ ውስጥ አመድ የመሰለች፣ ጥፍር የማታህል የእሳት እራት ወጣች። አንጓች አፍንጫዋን ከጠርሙሱ ላይ ለጥፋ ብዙ ጊዜ አየቻት።

«አገር የተሰበሰበው ለዚች ነው?» አለች።

እትዬ ዘነበች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር። ወፏ ማን እንደነበረች ታውቅ ይሆን? ሰሙን ማምጣቴን ለአገር ተናግሬያለሁ፤ በጆሮ የተናገርኩትን ግን ለማንም አልተናገርኩም። የተናገርኩትንም ቢሆን የተናገርኩት ለእሷ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ፈርቼ ነው። ሦስት ዓመት አስተማረችኝ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እኔም ደግነቷን ሁሉ «አውቃ ነው» እያልኩ ተረጎምኩት። ትልቅ ሰው ሆኜ ደብረ ታቦር ላይ አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። አቅፋ ስማኝ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና መኪናዬ ሊሄድ ነው አልኳት። መኪናው አልሞላም ነበር።

ከዚያ ባሌ ሥራ ወዳገኘበት ወደዚህ ወደ ቆላው መጣሁ፣ እዚሁም ኖርኩ፣ እዚሁም አረጀሁ። ነገሩን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜያለሁ። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ስትደውልልኝ በወሬ መሃል እትዬ ዘነበች ማረፏን ነገረችኝ። በነጋታው ከምሳለመው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ቄሱን ለመንኳቸው። እሳቸውም ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ።

«የክርስትና ስሟን ይንገሩኝ» አሉ።

«አላውቀውም» አልኩ።

«ዘመድዎ አይደለችም?»

«አስተማሪዬ ናት፣ አባ። ሦስት ዓመት አስተምራኛለች።»

«ታዲያ በሦስት ዓመት አንዴም አልጠየቋትም?»

አልጠየቅኋትም። ያን ያህል ጊዜ ዓይኔን ሳልነቅል ያየኋት ለመያዝ እንጂ ለማወቅ አልነበረም። ቄሱ እስክሪብቶውን እንደያዙ ጥቂት ጠበቁኝ፤ ከዚያም «ግድ የለም፣ ጌታ ያውቃታል» ብለው የዓለም ስሟን ብቻ ጻፉ።